ከአራዳ እስከ አፍሪካ ዋንጫ

የገና ጨዋታና የአገሮች ውድድር

የገና ጨዋታን የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። በታኅሣሥ መጨረሻ ሜዳው ሲለቀቅ ጎረምሳውም ጎልማሳውም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላውን ይዞ ይወጣል። የላይ ሰፈር በአንድ ወገን፣ የታች ሰፈር በሌላ ወገን ይሰለፋል። ሩሯ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ግፊያ ነው፣ ሩጫ ነው፣ ጩኸት ነው። ሩሯን ገፍቶ ከባላጋራው ድንበር ያሻገረ ወገን ረታ ይባላል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። በገና ቀን ሎሌው የጌታውን ቁርጭምጭሚት በዱላ ቢመታ ጌታው አይቆጣም። ለምን ቢባል፣ ሜዳ ከገቡ በኋላ ጌታና ሎሌ የለም። ያለው የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ብቻ ነው። ሩሯም ብዙ በሬ ላለውና አንድም በሬ ለሌለው እኩል ትንከባለላለች።

አገሮች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ውድድርም ሥሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በሰፈር ፈንታ አገር ከአገር ይገጥማል። ጨዋታው ግን እንደየአገሩ አየር ይለያያል። ለምሳሌ ክረምታቸው በረዶ በሆነ አገሮች፣ በካናዳ፣ በስዊድን፣ በሩሲያ፣ የኛን ገና የሚመስል ጨዋታ አለ። አይስ ሆኪ ይባላል። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው በረጋ በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። በእጃቸው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይይዛሉ። ሩራቸው ከጎማ የተሠራች ጠፍጣፋና ክብ ነገር ናት። በአንድ ወገን 6 ሰው ይሰለፋል፣ ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይካሄዳል። ካናዳና ስዊድን በብሔራዊ ቡድን መወዳደር ከጀመሩ መቶ ዓመት አልፏቸዋል።

በኛ አገርና በመላው አፍሪካ ግን ሕዝብን ከሕዝብ ያገናኘው ውድድር የእግር ኳስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንመለከተው፣ በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር የተጀመረው የእግር ኳስ ጨዋታ እንዴት አድጎ ኢትዮጵያን በ1954 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ እንዳበቃት ነው። ከዚህም ጋር ውድድር ያለ አንድ ደንብ ውድድር ሊሆን እንደማይችል እናያለን።

ብሔራዊ ቡድን ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ቡድን የሰፈር፣ የፋብሪካ ወይም የጦር ክፍል ሊሆን ይችላል። ብሔራዊ ቡድን ግን የመላው አገር ነው። ከየቡድኑ ብልጫ ያላቸው ተጫዋቾች ተመርጠው አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ትናንት እርስ በርሳቸው ሲፋለሙ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አንድ ዓይነት ማሊያ ይለብሳሉ። በደቦ ጊዜ ትናንት በድንበር የተጨቃጨቁ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ቆመው እንደሚያጭዱት ማለት ነው።

በእግር ኳስ በአንድ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ከነዚህ አንዱ በረኛ ነው። ኳስን በእጅ ለመንካት የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በተወሰነለት ክልል ውስጥ ነው። ሌሎቹ አሥሩ በእግራቸውና በራሳቸው ይጫወታሉ። ከመካከላቸው መሪያቸው አምበል ይባላል። ጨዋታው 45 ደቂቃ ተካሂዶ ዕረፍት ይሆናል፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ሌላ 45 ደቂቃ አለ። ድምሩ 90 ደቂቃ ይሆናል። አሸናፊው የግድ መለየት ያለበት ጨዋታ ከሆነና እኩል ለእኩል ከወጡ፣ 15 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይጨመርላቸዋል። ይህ ተጨማሪ ሰዓት ይባላል።

በሜዳው መካከል ፊሽካ ይዞ የሚሮጥ ሰው አለ። እሱ ዳኛ ነው። ዳኛው ለየትኛውም ወገን አያደላም። ሁለት መንደሮች በግጦሽ ቢጣሉ ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ እንዲሆን እንደሚፈለግ ሁሉ፣ የሁለት አገር ጨዋታ ሲዳኝም ዳኛው ከሦስተኛ አገር ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚጸናው በተጻፈ ደንብ ነው። ደንብ በቃል ብቻ ሲኖር ጉልበት ያለው እንደፈለገው ያጣምመዋል። ተጽፎ ሲቀመጥ ግን ማንበብ የሚችል ሁሉ ገልጦ ይከራከርበታል።

አራዳ የት ነው?

አራዳ የአዲስ አበባ ጥንታዊ እምብርት ነው። በኮረብታው ላይ ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። በአጠገቡ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ቀድሞ የከተማው ትልቁ ገበያ እዚሁ ነበር። ገበሬው ማሩን፣ ቅቤውንና እህሉን አጋስስ ላይ ጭኖ የሚመጣው ወደ አራዳ ነበር። የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች በዙሪያው ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። አራዳ የብዙ አገር ሰው የሚተያይበት ሰፈር ስለሆነ፣ ነገር ቶሎ የሚገባውና የማይታለል ሰው እስከ ዛሬ «አራዳ ነው» ይባላል።

በዚህ ሰፈር በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም በደብሩ ስም «ቅዱስ ጊዮርጊስ» አሉት። ጊዜው ክፉ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቶ በሰሜንና በደቡብ ጦርነት ተፋፍሞ ነበር። ቡድኑ አምስት ወር ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ጠላት ከተማውን በቀለም ከፋፈለው። ነጩ የሚኖርበትና ጥቁሩ የሚኖርበት ይለይ አለ። ትልቁን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደውና መርካቶ የሚለውን ስም አወጣለት። አራዳንም ፒያሳ አለው። ፒያሳ በኢጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ስሞቹ እስከ ዛሬ ቀርተዋል። ኳስም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እኩል ተፋላሚ ሆነው እንዳይታዩ ተከለከለ።

ይህ ክልከላ ስለ ጨዋታ ብቻ ይመስላልን? አይደለም። ገዢው በጦር መሣሪያ ይበልጥ ነበር፤ ያንን ሁሉም ያውቀዋል። በሜዳ ላይ ግን 11 ሰው ከ11 ሰው ጋር በአንድ ኳስ ሲገጥም መድፍ የለም፣ አውሮፕላን የለም። ጥቁሩ ነጩን ቢረታስ? «የበላይ ነኝ» ያለ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ እንዳይሆን ይፈልጋል።

አምስት ሕዝቦች በአንድ ሜዳ

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ወጣች። ጠላት የከለለው ሜዳም ተከፈተ። የአራዳ ልጆች ያን ጊዜ የመጀመሪያ ምኞታቸው ተፈጸመላቸው። በከተማው የቀሩት ኢጣሊያኖች ፎርቲቱዶ የሚባል ቡድን ነበራቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፎርቲቱዶ ጋር በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዳኛ፣ በአንድ ደንብ ገጠመ፤ ረታውም። ሕዝቡ የተደሰተው ስለ ግቡ ብቻ አልነበረም። ትናንት «ከኛ ጋር እኩል አትቆሙም» ተብሎ ነበርና ነው።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር በአዲስ አበባ ተደረገ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን ነበር። ፎርቲቱዶ የኢጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች ነበሩ። አምስተኛው የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከአንዲት ከተማ ሳይወጣ የአምስት ሕዝብ ውድድር ተደረገ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ያሸነፈው የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር። ቢሆንም አላስቆጣም። በአንድ ደንብ የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ጠንክሮ ይመለሳል እንጂ ተበደልኩ አይልም።

በዚህ ዘመን ከተነሡት ሰዎች መካከል ስሙ ሊታወቅ የሚገባው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለደ። አባቱ በግጥምና በዜማ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ። ገና በወጣትነቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገብቶ 23 ዓመት ተጫወተ። በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳስቆጠረ ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ ይድነቃቸው ከግቡ የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም ከደከሙት ዋናው እሱ ነው። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውንም የጨዋታ ደንብ ወደ አማርኛ መለሰው። ይህ ነገር ቀላል አይምሰለን። ደንቡ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ብቻ ሳለ ዳኛው የሚለውን ከመቀበል በቀር ምን ይደረጋል? በአማርኛ ከተጻፈ በኋላ ግን የመርካቶ ተሸካሚም የፋብሪካ ሠራተኛም አንብቦ «ይህ ጥፋት ነው፣ ይህ ጥፋት አይደለም» ሊል ይችላል። ሰው ደንቡን በራሱ ቋንቋ ሲያነበው የደንቡ ባለቤት ይሆናል።

በ1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የጅቡቲን ቡድን ገጥሞ 5 ለ 0 አሸነፈ። ከሰፈር የተነሣው ጨዋታ አገር ወደ መወከል ደረሰ።

የአፍሪካ ዋንጫ እንዴት ተጀመረ?

በዚያን ዘመን አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ገዢዎች እጅ ነበር። በዓለም የእግር ኳስ ጉባኤ ላይ አፍሪካን የሚሰማት አልነበረም። በሰኔ ወር 1948 ዓ.ም. የዓለም ጉባኤ በፖርቱጋል ከተማ በሊዝበን ሲደረግ፣ የጥቂት አፍሪካ አገሮች መልእክተኞች ተገናኝተው መከሩ። «የራሳችን ማኅበር ይኑረን፣ የራሳችን ውድድር ይኑረን» አሉ።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ። ኮንፌዴሬሽን ማለት የብዙ ማኅበሮች ኅብረት ነው። መሥራቾቹ አራት ናቸው፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ የተመሠረተው በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ የኳስ ኅብረት የመንግሥታትን ኅብረት በስድስት ዓመት ቀደመ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው በካርቱም እንዲደረግ ተወሰነ። አራቱም አገሮች እንዲገጥሙ ታሰበ። እዚህ ላይ ግን ችግር ተነሣ። በደቡብ አፍሪካ በዚያን ጊዜ አፓርታይድ የሚባል የዘር መድልዎ ሕግ ነበር። ነጩ የሚማርበት፣ የሚሳፈርበት፣ የሚጫወትበት ቦታ ሁሉ ከጥቁሩ የተለየ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት «ወይ የነጭ ብቻ፣ ወይ የጥቁር ብቻ ቡድን እንልካለን እንጂ ድብልቅ አንልክም» አሉ።

ሌሎቹ ሦስቱ ምን ማድረግ ነበረባቸው? ውድድሩ ገና መጀመሩ ነበር። ያሉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው። አንዷን ማስወጣት ማለት ከአራት እግር አልጋ አንዱን እግር መንቀል ይመስላል። ቢሆንም «መድልዎ ካለ ውድድር የለም» ብለው ቆረጡ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ቀረች። የአራዳ ልጆች በጠላት ጊዜ የቀመሱትን ኢትዮጵያ አልረሳችውም ነበርና፣ በዚህ ነገር ከጸኑት ውስጥ ቀዳሚ ሆነች።

ሁለት ጊዜ ተሸነፍን

ኢትዮጵያ በካርቱም ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትገጥም ወጥቶላት ስለነበር፣ ደቡብ አፍሪካ ስትቀር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ግብፅ ደግሞ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ መጣች። በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች። አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አንድ ሰው ነው፤ አድ-ዲባ ይባላል።

በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም. ሁለተኛው ዋንጫ በካይሮ ተደረገ። የተወዳደሩት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ግብፅ እንደገና ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈችን። ዋንጫው ሁለቱንም ጊዜ ግብፅ ዘንድ ቀረ።

ሦስት ጨዋታ ተጫውተን በሦስቱም ተሸነፍን፤ ዘጠኝ ግብ ገባብን፤ አንድ እንኳ አላገባንም። ይህን ቁጥር የሚያይ ሰው «ለኛ አይሆንም» ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። ነገር ግን ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ።

ጥር 1954 ዓ.ም.

ለሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ሦስት አገሮች ናቸው። አንደኛዋ ዋንጫውን ይዛ የቆየችው ግብፅ ናት፤ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ሁለተኛዋ ቱኒዚያ ናት። ሦስተኛዋ ዩጋንዳ ናት። ዩጋንዳ ያን ጊዜ ገና ከእንግሊዝ ነፃ አልወጣችም፤ ነፃ የወጣችው በመስከረም ወር 1955 ዓ.ም. ነው። ባንዲራዋ በመንግሥታት መካከል ከመውጣቱ በፊት ቡድኗ በኳስ ሜዳ ከነፃዎቹ አገሮች ጋር እኩል ተሰለፈ።

የመጫወቻው ቦታ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው ስታዲየም ነው። ኋላ አዲስ አበባ ስታዲየም ተብሏል። ከአራዳ ጊዮርጊስ የተነሣ ሰው ቁልቁል ወደ ለገሃር ወርዶ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ያገኘዋል። ቴሌቪዥን ገና ወደ አገራችን አልመጣም ነበር። ስታዲየም መግባት ያልቻለ ሰው ወሬውን ከራዲዮ ወይም ከሰው አፍ ይሰማ ነበር።

ወሩ ጥር፣ ሰሞኑም የጥምቀት ሰሞን ነበር። እሑድ ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋር ገጠመች። ቱኒዚያ ቀድማ አገባች። ሆኖም የኛ ልጆች አልተረበሹም፤ 4 ለ 2 አሸንፈው ወጡ። ሐሙስ ጥር 10 ቀን፣ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ በሚወርዱበት በከተራ ዕለት፣ ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 ረታች። ቅዳሜ ጥር 12 ቀን ቱኒዚያ ዩጋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛ ወጣች። በማግሥቱ እሑድ ጥር 13 ቀን የፍጻሜው ጨዋታ ሆነ፦ ኢትዮጵያና ግብፅ።

በዚያን ቀን የተሰለፉትን የ11 ሰዎች ስም መጥቀስ ተገቢ ነው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለ ማርያም ነበር። ሌሎቹ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና ጌታቸው ወልዴ ናቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ ብታነቡ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የመረብ ማዶውም የመረብ ወዲሁም እንዳለበት ትረዳላችሁ።

አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ኢታሎ ወንድሙ ነው። የተወለዱት በአስመራ፣ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ አባት ነው። የፋሺስት ሕግ እንዲህ ያለውን ልጅ ከነጭም አይቆጥረውም፣ ይንቀው ነበር። ሉቻኖ በድሬዳዋ በጥጥ ፋብሪካው ቡድን ብዙ ዓመት ተጫውቷል። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አብደል ፋታህ ለግብፅ አገባ። እስከ ዕረፍት ግብፅ 1 ለ 0 ስትመራ ቆየች። ከዕረፍት በኋላም ጊዜው እየነጎደ ሄደ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና እኩል ሆኑ። ሕዝቡ እልል ብሎ ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ እንደገና አገባ። ግብፅ 2፣ ኢትዮጵያ 1። የቀረው ሩብ ሰዓት ነው።

በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባ። 2 ለ 2 ሆነ። 90ው ደቂቃ በዚሁ አለቀ። ተጨማሪ ሰዓት ታዘዘ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከቆላና ከባሕር ዳር የመጣ ሰው በደጋ አየር ሲሮጥ ቶሎ እንደሚያለከልክ በደጋ የምትኖሩ ታውቃላችሁ። የኛ ተጫዋቾች አየሩን ለምደውታል። ድካም በበዛበት በተጨማሪው ሰዓት ይህ ሳይረዳቸው አልቀረም። ሆኖም አየር ብቻውን ግብ አያገባም። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ አገባ። በ117ኛው ደቂቃ፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2።

ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የረታን ቡድን አራት ግብ ገባበት። አምበሉ ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የቡድኑን ዝግጅት ከመሩት መካከል ይድነቃቸው ተሰማ ይገኝ ነበር። ያ ከአራዳ የተነሣ ተጫዋች አሁን አገር የሚመራ አሠልጣኝ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ኢትዮጵያ ውድድሩን ሁለት ጊዜ ደግሞ አስተናግዳለች። በጥር ወር 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአስመራ ሲደረግ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫ ወሰደች፤ እኛ አራተኛ ወጣን። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲደረግ ዋንጫው የሞሮኮ ሆነ። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተወዳደረች በኋላ ለ31 ዓመት ያህል ወደዚህ ውድድር መግባት ተሳናት። መሥራች መሆን ብቻውን አያሻግርም። ትናንት ያረሰ ሰው ዘንድሮ ካላረሰ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለ። በዚህ ሥልጣኑ ሁሉ የደቡብ አፍሪካን መድልዎ ሲቃወም ኖረ። የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽንም በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። ይድነቃቸው በነሐሴ ወር 1979 ዓ.ም. አረፈ። የደከመለትን ፍሬ ሳያይ ሞተ።

ፍሬው ግን ታየ። መድልዎው ሲፈርስ ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ አዘጋጅታ፣ ጥቁርና ነጭ በተቀላቀለበት ቡድን አሸነፈች። በጥር ወር 2005 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር ነበር። በ1949 ዓ.ም. «ድብልቅ አንልክም» ባለችው አገር ሜዳ ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ ተውለበለበ። ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣን፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በጥር ወር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው ውድድርም ኢትዮጵያ ነበረችበት።

መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ሉቻኖ ቫሳሎ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር አረፈ። በፒያሳም ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። የአራዳ ጊዮርጊስ ግን በኮረብታው ላይ አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ቡድንም በስሙ እየተጠራ አለ። በአራት አገሮች የተጀመረው የአፍሪካ ዋንጫ ዛሬ 24 አገሮች የሚሰለፉበት ሆኗል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ኅብረት ኃይል መሆኑን እንማራለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ 11 ሰው ከ11 ቤት ወጥቶ እንደ አንድ ሰው ሲሠራ ሁለት ጊዜ የረታውን ይረታል።

ሁለተኛ፣ ሽንፈት የመጨረሻ አለመሆኑን እንማራለን። ዘጠኝ ግብ ገብቶብን፣ አንድም ሳናገባ የተመለስን ሰዎች ዋንጫ ያነሣነው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። እኩልነት በልመና አይገኝም፤ አንድ ደንብ ለሁሉም ሲጸና ይገኛል። ጠላት በአራዳ ደንቡን ለሁለት ሊከፍለው ፈለገ። የደቡብ አፍሪካ ሹማምንትም ያንኑ ፈለጉ። ሁለቱም የፈሩት በእኩል ሜዳ መታየትን ነው። ሦስት አገሮች ግን የጎደለ ውድድር ይሻላል፣ የተዛባ ደንብ አንቀበልም አሉ፤ ጊዜው ረዝሞም ቢሆን ትክክለኞቹ እነሱ ሆኑ።

የውድድር ደንብ ብቻ አይደለም። የእድር ደንብ አለ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ደንብ አለ፣ የመሬት ደብተር አለ፣ የግብር ደረሰኝ አለ። እነዚህ ሁሉ የተጻፉ ናቸው። ፊደል የቆጠረ ሰው «ምን ይላል?» ብሎ ሌላውን አይለምንም፤ ራሱ ያነበዋል። ተሳስቶ ከተነበበም «እዚህ ላይ እንዲህ ይላል» ብሎ በጣቱ ያሳያል። ይህን ጽሑፍ እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ሜዳ ገብቷል ማለት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው የማይቆጣው ለምንድን ነው? ይህ ከእግር ኳስ ደንብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

2. ጠላት ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ የከለከለው ለምን ይመስላችኋል?

3. በ1949 ዓ.ም. ሦስቱ አገሮች ያለ ደቡብ አፍሪካ መወዳደራቸው ትክክል ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

4. በፍጻሜው ጨዋታ ስድስት ግቦች ገብተዋል። እያንዳንዱ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ ከጽሑፉ ፈልጋችሁ በቅደም ተከተል ጻፉ።

5. በመንደራችሁ የተጻፈ ደንብ ያለው ማኅበር አለ? ደንቡን ያነበበው ማን ነው? በሚቀጥለው ስብሰባ አንዳችሁ ለሌሎቹ አንብቡላቸው።